የገና ተረኞች

መስከረም 20 ቀን

ለልጄ ለጭራሮ፣

እንደምን ከረምሽ? ፈጣሪ ውሎሽንም እንቅልፍሽንም ይባርክልሽ። እኛ ይመስገነው፣ አለን።

እንደምታውቂው ጆሮዬ ከስልክ ጋር ተጣልቷል። ባለፈው ስትደውዪ "እሺ፣ እሺ" ያልኩሽ አንዱንም ሰምቼ አይደለም። ቤቱን ይሽጡ ብለሽኝም እሺ ብዬ ይሆናል። ስለዚህ በወረቀት እንቀጥል።

ሥራው እንደ ነገሩ ነው። ሰው አሁን የብረት በር ነው የሚፈልገው፤ በሳምንት አንድ የእንጨት በር ካዘዙኝ ደስ ይለኛል። ከሥራ ቤቴ ፊት ለፊት ምስማርና ማጠፊያ ይሸጥ የነበረውን ሱቅ ታስታውሺዋለሽ። የባለሱቁ ልጅ ከአባቱ ተረክቦት አሁን የበዓል ዕቃ ብቻ ይሸጣል። ልደት ሦስት ወር እየቀረው የፕላስቲክ ዛፍ በረንዳው ላይ ደርድሯል። ማጠፊያ ልገዛ ብገባ "ጋሼ፣ ማጠፊያ ትተናል፤ ኮከብ ግን አለን" አለኝ። በኮከብ በር አይሰቀልም ብዬው ወጣሁ።

አሁን አንድ ነገር ልለምንሽ፤ እንዳትቀየሚኝ። ዘንድሮ ለገና ካርቶን አትላኪልን። የአምናው ራሱ ግማሹ ሳይወጣ ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጧል፤ ቦታ የለንም። በካርቶኑ ፈንታ፣ እኛ ዘንድ በኖርሽባቸው ሰባት ዓመታት ገናን እንዴት እናሳልፍ እንደነበር የምታስታውሺውን ሁሉ ጻፊልኝ። ማን የት ይቀመጥ ነበር፣ ማን ምን ይል ነበር። ትንሹንም ነገር አትናቂ። ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ፤ ለሥራ ነው።

የአባትሽ የአጎት ልጅ፣
ጋሼ


ጥቅምት 17 ቀን

ለተከበሩ ጋሼ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? እትዬስ እንዴት ናቸው? እኔ በአምላክ ቸርነት ደኅና ነኝ፤ ዕድሜውንና ጤናውን ለእናንተ ያብዛላችሁ።

መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ። እዚህ የበዓል ሰሞን ተጀምሯል። ከወሩ መባቻ ጀምሮ በምሠራበት መደብር ድምፅ ማጉያ ስለ ልደት ይዘመራል። እነዚያው አሥራ አንድ መዝሙሮች ቀኑን ሙሉ ይዞራሉ፤ ዘጠነኛው ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ የሻይ ሰዓት እንደደረሰ አውቃለሁ። ደግሞ ደስ ይበልዎት፣ የስጦታ መጠቅለያ ክፍል ተቆጣጣሪ ሆኛለሁ። ከሥሬ ስምንት ሴቶች አሉ።

ካርቶን አትላኪ ያሉበት ደብዳቤ የደረሰኝ ካርቶኑ ከሄደ በአራተኛው ቀን ነው። እውነቱን ልንገርዎትና ከፍቶኛል። ቦታ የለንም ሲሉ እኔን ቦታ የለሽም ያሉኝ መሰለኝ። ያጠፋሁት ካለ ይንገሩኝ። ለእትዬ ወፍራም ሹራብ ልኬያለሁ። ለቤቱ ደግሞ ብልጭ ድርግም የሚል፣ ሰው በአጠገቡ ሲያልፍ የሚዘምር መብራት አለበት። እዚህ ሰው ተጋፍቶ ነው የገዛው።

የድሮውን ገና ጻፊ ላሉኝ፣ ጊዜ ሳገኝ በሰፊው እጽፋለሁ። ለጊዜው፦ ሁላችንም እንሰበሰብ ነበር፣ እንዘምር ነበር፣ ደስ ይል ነበር።

ሌላው፣ እትዬ ሁልጊዜ ከደብዳቤዎ ግርጌ በገዛ እጃቸው "እኔም አለሁ" ብለው ይጽፉልኝ ነበር። በዚህኛው የለም። ረስተውኝ ነው ወይ ብላለች ይበሉልኝ።

አክባሪ ልጅዎ፣
ጭራሮ


ኅዳር 13 ቀን

ለልጄ ለጭራሮ፣

ሰላምሽ ይብዛ። በሰው አገር ያለሽውን ፈጣሪ ይጠብቅሽ። እኛ ደኅና ነን።

ከፍቶኛል ያልሽውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ልክ ነሽ፤ አነጋገሬ ደረቅ ነበር። ቦታ የጠፋው ለካርቶኑ ነው። አንቺ ትተኚበት የነበረው ክፍል እንዳለ ነው፤ ማንም አልገባበትም።

ዕቃው በሰላም ደረሰ። መብራቱን ነጋዴው ልጃችን መጥቶ ሳሎኑ ላይ ዘረጋውና ቸኩሎ ሄደ። እትዬሽ ከጓዳ ስትወጣ ድንገት ዘመረባት። አልወደደችውም። ጠቅልዬ አስቀምጬዋለሁ። ሹራቡን ግን ለብሳዋለች፤ አውልቂ ብላትም አታወልቅም።

"እንሰበሰብ ነበር፣ ደስ ይል ነበር" ያልሽው ለእኔ አይሆነኝም። በር ሥራልኝ ብሎ የመጣ ሰው "የሚከፈትና የሚዘጋ ይሁን" ቢለኝ ምን ልሥራለት? ልኩን ስጪኝ። እንጨቱን ንገሪኝ። ማጠፊያው በየት በኩል እንደሆነ ንገሪኝ። ቸኩያለሁ።

እትዬሽ እንድትጽፍልሽ እስክሪብቶውን ሰጠኋት። ስትጨርስ የጻፈችውን አየሁና ደብዳቤዬን በሌላ ወረቀት ገልብጬ ያለ እሱ ልልከው አስቤ ነበር። ተውኩት።

ጋሼ

[ከግርጌው በሌላ እጅ፣ መስመሩ ወደ ታች እየወረደ፦]

እኔም አለሁ። እኚህ ሽማግሌ ደግ ሰው ናቸው ምግብ ይሰጡኛል አይቆጡኝም። ግን ባለቤቴ ይፈልገኛልና ወደ ቤቴ መልሱኝ።


ኅዳር 28 ቀን

ለጋሼ፣

ሰላምታዬ ከእጅዎ ይድረስ። ፈጣሪ ጉልበት ይስጥዎት፤ አሁን ከሁሉ በፊት የምመኝልዎት እሱን ነው።

ደብዳቤዎን የከፈትኩት በምሳ ሰዓት፣ ዕቃ ማከማቻው ደረጃ ላይ ተቀምጬ ነው። የእትዬን መስመር ሳነብ ምሳዬ ጭኔ ላይ ቀረ። ወዲያው ነጋዴው ጋ ደወልኩ።

"እናታችን ምን ሆነው ነው?" አልኩት።

"ዕድሜ ነዋ፤ ትረሳለች።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ሁለት ዓመት ይሆነዋል።"

"ሁለት ዓመት ሙሉ ለምን አልነገርከኝም?"

"ብነግርሽ ምን ታደርጊ ነበር? ካርቶን ትጨምሪ ነበር?" አለኝ።

ስልኩን ዘግቼ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

በማግስቱ አንድ ሰውዬ ወደ ጠረጴዛዬ መጣ። በደንብ የለበሰ፣ የመኪና ቁልፉን በጣቱ የሚያሽከረክር ሰው ነው። ሻርፕ ገዝቶ እንድጠቀልልለት ሰጠኝና ካርዱም ላይ እንድጽፍለት ጠየቀኝ።

"ምን ብዬ ልጻፍ?" አልኩት።

"ደስ የሚል ነገር። አንቺ ታውቂበታለሽ።"

"ለማን ነው?"

"ለእናቴ።"

"እርስዎ ቢጽፉት አይሻልም?"

ሰዓቱን አየ። "በእኔ ጽሕፈትና በአንቺ ጽሕፈት መካከል ያለውን ልዩነት እሷ አታውቀውም" አለኝ።

ጻፍኩለት። ጋሼ፣ በጣም የሚያምር ነገር ነው የጻፍኩለት። ሰውዬው እያነበበ ሳለ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ የእትዬን ሹራብ የጠቀለልኩት እኔ አልነበርኩም። ሥራ በዝቶብኝ ከሥሬ ያለችውን ሴት "ለአክስቴ ነው፣ ካርዱ ላይ የሆነ ነገር በይበት" ብያት ነበር። ምን እንዳለችበት እስከ ዛሬ አላውቅም።

ስለዚህ እመጣለሁ። ከበዓሉ በፊት እመጣለሁ። ኃላፊያችን ጋ ገብቼ ፈቃድ ጠየቅኩ። "የበዓሉ ሽያጭ ሳያልቅ ለማንም ፈቃድ የለም። እንዴት የበዓል ክፍል ተቆጣጣሪ ሆነሽ በዓል ትጠይቂያለሽ?" አለኝ። ነገም ቢሮው እገባለሁ። ከነገ ወዲያም እገባለሁ።

የጠየቁኝን ልክ ይኸው።

ከዋዜማው ጀምሮ ለሁለት ቀን ሥራ ቤቱን ይዘጉ ነበር። ጠረጴዛችን ስለማይበቃን አዲስ የተሠራና ቀለም ያልነካው በር አምጥተው በሁለት አግዳሚ ላይ ያጋድሙት ነበር። እኔ የምቀመጠው የቁልፉ ቀዳዳ ጋ ነው። የማልወደውን ሁሉ በቀዳዳው ወደ ታች እጥል ነበር፤ እትዬ ያያሉ፣ ዝም ይላሉ፣ በኋላ መጥረጊያውን ያስይዙኛል። አንድ ዓመት የበሩ ባለቤት በበዓሉ ቀን መጣ። በሬን ስጡኝ አለ። "በርህ እንግዳ ተቀብሏል፤ ከነገ ወዲያ ና" አሉት እርስዎ። ሰውዬው በሩን አየ፣ እኛን አየ፣ ቀስ ብሎ እማጠፊያው ጋ ተቀምጦ አብሮን በላ።

ስጦታ የሚባል ነገር ትዝ አይለኝም። እትዬ ግን ጧት ሁላችንንም ደጃፍ ላይ ደርድረው ጥፍራችንን ይቆርጡን ነበር። መዝሙሩን እትዬ ከፍ አድርገው ይጀምራሉ፤ እርስዎ ሁልጊዜ አንድ ቃል ዘግይተው ይገባሉ። ያን ጊዜም ጆሮዎ ደኅና አልነበረም መሰለኝ፤ እኛ ግን የመዝሙሩ ዜማ እንደዚያ ነው ብለን ነው ያደግነው።

ጭራሮ


ታኅሣሥ 6 ቀን

ለልጄ ለጭራሮ፣

ፈጣሪ ያክብርሽ። እጅሽ ይባረክ፤ ይህ ነው ልክ ማለት።

እንግዲህ ካወቅሽው ልደብቅሽ አልችልም። ሐኪሙ የማይመለስ ነው ብሎኛል። የቀኑ ነገር ቶሎ ይጠፋባታል፤ የድሮው ግን አንዳንዴ ይመጣላታል። ድሮውን የማውቀውን ተናግሬ ጨረስኩ። የእኔም ራስ ያረጀ ነው። አንቺን የለመንኩሽ ለዚህ ነው። ጧት ጧት ያንቺን ወረቀት አነብላታለሁ። የበሩ ባለቤት ጋ ስንደርስ ትስቃለች።

"ከዚያስ፣ በሩን ወሰደ?" ትለኛለች።

"ወሰደ" እላታለሁ።

በየቀኑ ትጠይቀኛለች። በየቀኑም ይወስዳል።

መምጣቱን ግን ተይው። እንጀራሽ ነው። ብትመጪም እሷ ላታውቅሽ ትችላለች፤ ያን ያህል መንገድ መጥተሽ እንዲከፋሽ አልፈልግም።

ባለፈው እሑድ ልጆቹን ሰብስቤ ነበር። ባለፉት ዓመታት ገና በዚህ ቤት እንዴት ይውል እንደነበር ልንገርሽ። በመኪና ይመጣሉ፣ ካርቶን ያስቀምጣሉ፣ የልጅ ልጆቹ የብር ፖስታቸውን ከእጄ ይቀበላሉ፣ ሁላችንም ለፎቶ እንቆማለን፣ ከዚያ "ሌላ ቦታ እንጠበቃለን" ይሉና ይሄዳሉ። እትዬሽ አምና ከፎቶው በኋላ "እነዚህ ሰዎች ምን ጠፍቷቸው ነው የመጡት?" ብላኛለች።

ስለዚህ እንዲህ አልኳቸው፦ "ዘንድሮ ከዚህ ቤት ፖስታ አይወጣም፣ ካርቶንም አይገባም። የሚመጣ ሰው ሁለት ሰዓት ከእናቱ ጋር ይቀመጣል። ስልኩን መግቢያው ላይ ያስቀምጣል። በተራ ነው።"

ነጋዴው ተነሣ። "አባዬ፣ በዓል እኮ ለእረፍት ነው። ልጆቹን ሐይቅ ዳር ሆቴል እወስዳችኋለሁ ብያቸዋለሁ፤ ክፍል ይዘናል። ደግሞ ላታውቀን ነገር፣ ብንመጣ ባንመጣ ለእሷ ምን ለውጥ አለው?"

"እኔ አውቃችኋለሁ" አልኩት።

ቀኖቹን የጻፍኩበትን የተራ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። እህቶቹ ስማቸውን በእርሳስ ጻፉ። ወረቀቱን ጓዳው በር ላይ በምስማር መታሁት። የነጋዴው ቦታ ባዶ ነው። አልሰረዝኩትም።

ጋሼ


ታኅሣሥ 14 ቀን

ለጋሼ፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ዛሬ አጭር ነው።

ኃላፊው ስድስተኛ ቀን ስገባ "አንቺ ሴትዮ ምንድን ነው የምትፈልጊው?" አለኝ። ተቆጣጣሪነቱን ልተው፣ ፈቃዱን ስጠኝ አልኩት። የቀለድኩ መሰለው። ደብዳቤውን ጽፌ ይዤ ነበርና ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት።

በቦታዬ የገባችው መቀስ የምንላት ባልደረባዬ ናት፤ ወሬ ስለምትቆርጥ ነው ስሙ የወጣላት። ሃይማኖታችን አንድ አይደለም። እኔ ሁለት ዓመት በእሷ በዓል ተራዋን ሸፍኜላታለሁ፤ ኃላፊው ፊት ቆማ "የእሷን ቀን እኔ እሠራለሁ፣ የእኔን ቀን እሷ ትሠራለች፤ ምኑ ነው የከበደህ?" አለችው። ስወጣ ግን እጄን ይዛ "ቦታሽን ስለወሰድኩ ጠላሽኝ?" አለችኝ። ሌላ ሰው ቢወስደው ነበር የምጠላው አልኳት።

መልስ አይጻፉልኝ፤ ከመነሣቴ በፊት አይደርሰኝም። የቁልፉ ቀዳዳ ጋ ያለውን ቦታ ለማንም እንዳይሰጡብኝ። ከበዓሉ ሁለት ቀን በፊት እደርሳለሁ።

ጭራሮ


ጥር 9 ቀን

ለጋሼ፣

በሰላም ገብቻለሁ። ጤናዎንና የእትዬን ጤና ፈጣሪ ይጠብቅልኝ።

እዚያ ሳለሁ ያልነገርኩዎት ነገር አለ። ጮክ ብዬ ካልተናገርኩ አይሰሙኝም፤ ጮክ ተብሎ የሚነገር ነገር ደግሞ አልነበረም።

እንደደረስኩ እርስዎ ሻንጣዬን ሲያስገቡ እኔ ወደ እትዬ ገባሁ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሹራቡን ለብሰውታል።

"ልብስ ሰፊዋ ነሽ?" አሉኝ።

አዎ አልኳቸው። እጃቸውን ዘረጉልኝ። እጅጌው ረዝሞባቸው ኖሯል፤ ጣታቸው አይታይም። ጎንበስ ብዬ ማጠፍ ጀመርኩ። እያጠፍኩ ሳለ እንደ ማንኛውም እንግዳ ያጫውቱኝ ጀመር።

"ውጭ አገር ልጅ አለችኝ" አሉኝ። "እግሯ ቀጭን ነው። ካርቶን ትልክልኛለች።"

"ደስ ይላል" አልኳቸው።

"ምን ደስ ይላል? ከፍቼ እስከ ታች ፈልጌ ፈልጌ እሷ የለችበትም።"

እጅጌውን አጥፌ ጨርሼ እንደገና ፈትቼ አጠፍኩት። ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም።

"ስታገኚያት ንገሪያት" አሉኝ።

"ምን ልበልልዎት?"

"እዚህ ብርድ የለም በያት።"

በበዓሉ ጧት እርስዎ እንዳዩት ነው። መዝሙሩን ሲጀምሩ አንድ ቃል አልጠፋቸውም፤ የልጅ ልጆቻቸው ሁለተኛውን ክፍል ሲስቱ አቁመው አረሟቸው። እኔንም፣ ልብስ ሰፊዋን፣ ድምፅሽ ደኅና ነው አሉኝ። ማን እንደሆንኩ አላወቁም፤ አሥራ አንድ ቀን በተቀመጥኩበትም አላወቁኝም። ግን ስወጣ ስገባ "ነይ፣ ተቀመጪ" ይሉኝ ነበር። መከፋቱ አልቀረልኝም። ከፍቶኝም ቢሆን እንደገና እመጣለሁ።

ተራዎን ጨርሰው ጓዳው በር ላይ ያለውን ወረቀት ሲያዩ አይቼዎታለሁ። የነጋዴው ቦታ እስከ መጨረሻው ባዶ ነበር።

እኔ አሁን ተራ ስጦታ ጠቅላይ ነኝ። መብራቶቹ ወርደዋል፤ ኮከቦቹ በግማሽ ዋጋ ቅርጫት ውስጥ ናቸው። መቀስ ታዘኛለች፣ እታዘዛታለሁ፤ አንዳንዴ አዝዛኝ ራሷ ትስቃለች። በዓሏ ሲደርስ ቀኗን እሠራለሁ። ለሚመጣው ገና ፈቃድ ዛሬ በጽሑፍ ጠየቅኩ። ኃላፊው "ዓመት እየቀረው?" አለኝ። እዚህ ሁሉም ሰው በዓሉን ቀደም ብሎ ነው የሚጀምረው አልኩት። ፈረመልኝ።

ልጅዎ፣
ጭራሮ


ጥር 29 ቀን

ለልጄ ለጭራሮ፣

እግዚአብሔር መንገድሽን ያቅናልሽ። ደብዳቤሽን ሥራ ቤት ወስጄ ነው ያነበብኩት። ከዚያ በኋላ ብዙ አልሠራሁም። ስለነገርሽኝ አመሰግንሻለሁ።

ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ ነጋዴው ነው።

ትናንት ማክሰኞ ነበር። የገበያ ቀን ነው፤ ሱቁን ጥሎ አይወጣም። ጧት በሩ ተንኳኳ፤ እሱ ነው። እጁ ባዶ ነው። መኪናውን ሩቅ አቁሞ በእግሩ መጥቷል።

"ሐይቁ እንዴት ነበር?" አልኩት።

"ውኃ ነው" አለ።

ሻይ ሰጠሁት። ሻዩን ጠጥቶ ነገረኝ። ሆቴሉ ውስጥ ቀይ የለበሰና ነጭ ጢም የለጠፈ ሰውዬ ለልጆቹ ስጦታ አድሏቸው ነበር አሉ። ስጦታው ላይ የልጁ ስም የለም፤ የክፍል ቁጥር ነው የተጻፈበት። ትንሿ ልጁ የራሷን ሳትከፍት ወደ እሱ መጥታ "አያቴ ጋ የእኔ ተራ መቼ ነው?" አለችው። የአክስቶቿ ልጆች ነግረዋት ኖሯል። እሱም አለፈ አላት። "እንግዲያው አያቴ ብቻዋን ተቀመጠች?" አለችው። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ከሆዱ አልወጣለትም። አንድ ወር ሊጠጋ ሲያመላልሰው ቆይቶ መጣ።

ተነሥቶ ጓዳው በር ጋ ሄደ። ወረቀቱ እዚያው ነው፤ አላወረድኩትም። እርሳሱን ከጆሮዬ ላይ ወስዶ ስሙን ሊጽፍ ሲል ቀኑን አየውና ቆመ።

"ይህ ቀን እኮ አልፏል" አለኝ።

"ሰርዘውና ማክሰኞ በል" አልኩት።

ጻፈ። ስልኩን መግቢያው ላይ አስቀመጠ። ጫማውን ጠረገና ወደ እናቱ ገባ። እኔ በሩ ጋ ቀረሁ፤ ጆሮዬን ታውቂዋለሽ፣ ግን ከዚያ ቅርበት ይሰማኛል።

"ማነህ?" አለችው።

ልጅሽ ነኝ ይላል ብዬ ጠበቅኩ። ቢላት ትደነግጣለች፤ የእሷ ልጅ ገና ትምህርት ቤት ነው ያለው።

"ተረኛው ነኝ" አላት።

ከላይ እስከ ታች አየችው።

"አርፍደሃል" አለችው።

"አዎ፣ አርፍጃለሁ።"

ሹራቧን ሰብሰብ አድርጋ አልጋው ላይ ጠጋ አለችለት።

ሁለት ሰዓቱ አልፎ ምሳ አቀረብኩ፤ አልወጣም። ከሰዓት በኋላ ሁለት ጊዜ ስልኩ መግቢያው ላይ ጮኸ፤ እኔ አልሰማሁትም፣ በኋላ ነው የነገረኝ፤ እሱ ሰምቶ አልተነሣም። ሲሄድ ወረቀቱ ላይ አራት ማክሰኞ ጽፎ ነው የሄደው፤ አንዱ ላይ የትንሿን ልጁን ስም አድርጎበታል።

ጋሼ